የአያ ስንሻው ዚር እና የሰማይ ዘለላዎች

በዚህ ክረምት፣ አረሙ ሰሊጡን ሊውጠው በደረሰበት ሳምንት፣ ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የእርሻ መንገድ በእግሬ እሄድ ነበር። በእግሬ የሄድሁት ለጤናዬ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ የተሳፈርሁበት ባለሦስት ጎማ ረክሻ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ስላለ ነው። ባለረክሻው «ትንሽ ታገሥ፣ ያ ኡስታዝ» አለኝ፤ መምህር ሆይ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ካልተሰጣቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ካርቱም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር አንድ ደቂቃ በዘገየ ተማሪ ላይ በር እዘጋ ነበር። ጦርነቱ አፈናቅሎ ወደዚህ ካመጣኝ ወዲህም ይህ ክፉ ጠባይ አልለቀቀኝም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሌሊት የጣለው ዝናብ አባርቶ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ሳለ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አራት ዚሮች ተደርድረው አየሁ። ዚር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። በዚህ አገር ሰው ለሞተበት ዘመድ ነፍስ ሲል መንገድ ዳር ያቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚውም በነፃ ይጠጣል። በአጠገቡ አያ ስንሻው ተቀምጠዋል። በስም አውቃቸዋለሁ፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጭልጋ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ከሱዳኖቹ ጋር በዓረብኛ የሚሟገቱ፣ ከእኛ ጋር የጎንደር አማርኛቸውን ያልለቀቁ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያውን ዚር ያቆሙት ባለቤታቸው እማማ አምሳለ ካረፉ ወዲህ ለነፍሳቸው ብለው ነው። ሦስቱ አዲሶች ናቸው።

«እንዴት ዋልህ ኡስታዝ! ና፣ ጠጣ! ይህን ውሃ ገዳሪፍ ሙሉ ብትዞር አታገኘውም» አሉኝና ጣሳውን ሞልተው ሰጡኝ።

ሽታው ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ ገና ሳልቀምሰው አወቅሁት። የወይራ ጢስ ነው! እናቴ ጎንደር ውስጥ የጠላ ጋን ስታጥን የሚሸተው ሽታ። ጣሳው ከንፈሬን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ከኋላዬ የሴት ጩኸት ሰማሁ።

«አይጠጡ! ይድፉት! ስለ እግዚአብሔር ይድፉት!»

ክው አልሁ። ጣሳው ከእጄ አመለጠና ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ዞር ስል አንዲት ወጣት ሴት ጭቃውን እየረገጠች በሩጫ መጣች። ትሁት ትባላለች። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ ጦርነቱ ትምህርቷን አቋርጦባት፣ አሁን በየሰፈሩ እየዞረች ሕሙማንን የምትመዘግብ የጤና በጎ ፈቃደኛ ናት። በዚያ ሳምንት በአካባቢው ኮሌራ ገብቶ ነበር።

አያ ስንሻው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«አንቺ ልጅ፣ ከተጠማ ሰው አፍ ላይ ውሃ ሲነጠቅ ሰባ ዓመት ኖሬ ዛሬ ገና አየሁ። ጠላት እንኳ ጠላቱን ውሃ አይከለክልም!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ልደፍርዎ ብዬ አይደለም። የመጣሁት ለእርስዎ ነው። አራሚዎቹ ለዕረፍት እስኪመጡ ስንት ጊዜ አለን?»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። አርባ ሰው ይመጣል። አርባውም ከዚህ ነው የሚጠጣው።»

«እንግዲያው እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ይህ ውሃ መደፋት አለበት።»

እውነቱን ልናገርና እኔ የተማርሁት ሰውዬ የቆምሁት ከሽማግሌው ጎን ነበር። ጠምቶኛል፤ ጫማዬም ረጥቧል። «እኅቴ፣ ማስረጃ ሳይዙ የሰው ጽድቅ አይነካም» አልኋት፣ በዚያ በር በምዘጋበት ድምፄ። እሷም ከትከሻዋ ያንጠለጠለችውን ጥቅል ወረቀት ፈትታ መሬት ላይ ዘረጋችው። አራት ድንጋይ ፈልጋ በአራቱም ማዕዘን ጫነችበት።

ወረቀቱ ጥቁር ነው። በጥቁሩ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ነጫጭ ነጥቦች ሞልተውበታል። አንዳንድ ስፍራ ተጠጋግተው፣ ሌላ ስፍራ በቀጫጭን መስመር ተያይዘው ይታያሉ። አያ ስንሻው ጎንበስ ብለው አዩ። ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«በስመ አብ ወወልድ! ይህ ሁሉ ሰው ሞተ?»

«ኧረ አይደለም አባባ! አይደንግጡ፤ ባልሆነ ገጹ ዘርግቼው ነው። ይህ የሰማይ ካርታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የማጠናው ይህንኑ ነበር። ከካርቱም ስወጣ ከግድግዳ ላይ ገንጥዬ ይዤው መጣሁ። አሁን ወረቀት ሲቸግረኝ የሕሙማኑን ካርታ በጀርባው ላይ ሠራሁ።»

ሽማግሌው እፎይ አሉ። ወዲያው ግን ገበሬነታቸው አሸነፋቸውና ነጥቦቹን እንደ ዘር ያዩዋቸው ጀመር።

«ኮከብ እንዲህ ይበዛል?»

«ኮከብ አይደለም። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጋላክሲ ነው። ጋላክሲ ማለት በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ባንድ የሚኖሩበት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈውን ነጭ መስመር ያውቁት የለ? እዚህ አገር ‹የገለባ ጫኞች መንገድ› ይሉታል። እሱ እኛ ያለንበት ጋላክሲ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ቢገባ ከአንዲት ነጥብ አይበልጥም።»

«ከአንዲት ነጥብ!» አሉ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ታዲያ ጭልጋ የት አለች? ገዳሪፍ የት አለች?» በጣታቸው አንዱን ጥቅጥቅ ያለ ስፍራ ነኩት። «የዘሪው እጅ እርጥብ ሲሆን ሰሊጡ እየተጣበቀ እንዲህ ባንድ ቦታ ይወድቃል። በአንድ በኩል ክምር፣ በአንድ በኩል ባዶ።» የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ከበዳቸውና አማተቡ። «ይቅር በለኝ፤ በሠሪው ሥራ አይቀለድም።»

«የነኩት የጋላክሲ ዘለላ ይባላል» አለች ትሁት። «በአንዱ ዘለላ ውስጥ መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺህና ከሺህ በላይ ጋላክሲዎች አሉ። ዘለላዎቹም ደግሞ እንዲሁ አልተበተኑም። እነዚህን ቀጫጭን ክሮች ይመልከቱ። ክሮቹ በሚገናኙበት፣ በሚቋጠሩበት ላይ ነው የሚገኙት። በክሮቹ መካከል ደግሞ ምንም የሌለበት፣ ስፋቱ አእምሮን የሚያስፈራ ባዶ ስፍራ አለ።»

አሁን የመደንገጡ ተራ የእኔ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጋላክሲዎች በሕዋ ውስጥ በእኩል ተሠራጭተዋል» እያልሁ አስጽፌያለሁ። ይህን ሥዕል አንድ ቀን ፈልጌ አላየሁም።

«በመጽሐፉ ግን እኩል ተሠራጭቷል ነው የሚለው» አልኋት፣ ለራሴ ክብር ስከራከር።

«መጽሐፉም አልዋሸም ኡስታዝ። ብርሃን ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዞ የሚጨርሰውን ርቀት መስፈሪያ አድርገው ቢወስዱ፣ የትም ቢሰፍሩ ይዘቱ ተቀራራቢ ነው። ከዚያ ባነሰ መስፈሪያ ሲሆን ግን ቋጠሮና ባዶ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚለያዩት በመስፈሪያው ነው።»

አያ ስንሻው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ጥሩ ተማሪ ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ይኸውልሽ! በትልቁ መስፈሪያ እኩል ነው ካልሽ እኔም የምለው ያንኑ ነው። ሞት እንደ ዝናብ ነው፤ ለሁሉም ይወርዳል። ቀኑ የደረሰ ይሄዳል። ታዲያ የእኔ ዚር ምን በደለ?»

«አባባ፣ ሰው በትልቁ መስፈሪያ አይኖርም። ሰው የሚኖረው በሰፈር ልክ፣ በዚር ልክ ነው። እስቲ የእኛን ሰፈር ደግሞ እንይ» አለችና ወረቀቱን ገለበጠችው።

ጀርባው ነጭ ነው። በእርሳስ መንገዱ፣ የእርሻው ድንበር፣ ሐፊር የሚሉት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬና የሠራተኞቹ ዳሶች ተሥለውበታል። በላዩ ላይ አሥራ ሰባት ነጥቦች አሉ። አሥራ አራቱ ሰማያዊ፣ ሦስቱ ቀይ። ሰማያዊው የታመሙት፣ ቀዩ የሞቱት ናቸው። ማንም ሳያስረዳኝ አየሁት። ነጥቦቹ የተቋጠሩት ከዚህ ግራር ዙሪያ ነው። እጄን አፌ ላይ ጫንሁ፤ ያን ውሃ ልጠጣ ነበር!

አያ ስንሻው መጀመሪያ አልገባቸውም። ትሁት በጣቷ «ይህ ግራሩ ነው» ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብዙ ሰው ስለሚኖር ነዋ! ሰው በበዛበት በሽተኛ ይበዛል። ሰርግ ባለበት ሰካራም እንደሚበዛው።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። ስለዚህ ቆጠርሁ። በዚህ በኩል ከታመሙት ሌላ አርባ ሰው አለ። በዚያ ማዶ ጡብ የሚሠሩት ስድሳ ናቸው። የሚበሉት ያው የማሽላ ኪስራ፣ የሚተኙት በዚያው ዓይነት ዳስ፣ ዝንቡም ያው ዝንብ ነው። ነጥባቸውን ይቁጠሩልኝ።»

ሽማግሌው በጣታቸው ፈለጉ፣ ወረቀቱንም ወደ ፀሐይ አዙረው ፈለጉ።

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው። በሰማዩ ካርታ ላይ ባዶው ስፍራ ከቋጠሮው ያላነሰ ነገር ያስተምራል። እዚህም እንደዚያው ነው። ጡብ ሠሪዎቹ የሚጠጡት ከዶንኪው ነው፤ በሞተር ከጥልቅ ጉድጓድ ከሚወጣው።»

«የዶንኪው ውሃ እኮ ጨው ጨው ይላል! ስለሚያሳዝኑኝ ነው ሦስቱን ዚር የገዛሁት። አንዱን ነገ ጧት እነሱ ዘንድ ላቆምላቸው ነበር…» አሉ። ዓይናቸው ባዶው ስፍራ ላይ ተተክሎ ቀረ።

እኔም ወረቀቱን እንደገና አየሁ። እዚያ ስድሳ ሰው አለ፤ ስድሳውም ደህና ነው። ነገ ጧት አንድ ደግ ሽማግሌ በአህያቸው ጭነው ሊሄዱላቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ሰው የሚወደውን ነገር በአንድ ጊዜ አይለቅም። አያ ስንሻው ጠንከር ብለው ቀና አሉ።

«ስሚኝ ልጄ። ከሐፊሩ በአህያ ያመጣሁትን ውሃ እንዲሁ አልሰጥም። አሳድረዋለሁ፤ ይጠልላል። ዚሩን በየእሑዱ ከመተማ ባስመጣሁት ወይራ አጥነዋለሁ። አባቶቻችን ጋን ሲያጥኑ ኖረው ማን ሞተ? ውሃውን እይው፤ እንደ መስተዋት ነው። እኔ ራሴ እጠጣለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ። ምን አለበት? አሳይኝ!»

«በዓይን አይታይም» አለች። «ለዚህ ነው ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው። ጢሱ ለጋኑ ገላ ሽታ ይሰጠዋል እንጂ ውሃው ውስጥ ያለውን የበሽታ ተዋሲ አይገድልም። ከሐፊሩ በላይ ያለው ሜዳ ሰው የሚጸዳዳበት ነው፤ ዝናቡ አጥቦ ያስገባዋል። ደለሉ ሲዘቅጥ ተዋሲው አብሮ አይዘቅጥም። ከሚጠጡት መካከልም ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም፤ እርስዎ ከነዚያ አንዱ ነዎት። አንዳንዱ ግን በአንድ ቀን ያልቃል።»

«የማይታየውን እንዴት አወቅሽው ታዲያ?»

ትሁት የሰማዩን ካርታ ጫፍ ገልጣ አሳየቻቸው።

«በዘለላው ውስጥ ያሉት ጋላክሲዎች እጅግ ይፈጥናሉ። በቴሌስኮፕ የሚታየው ነገር ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ አያይዛቸውም፤ ይበተኑ ነበር። ግን አልተበተኑም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የማይታይ፣ ስበት ያለው ነገር ሰብስቦ ይዟቸዋል አሉ። እስከ ዛሬ ማንም በዓይኑ አላየውም። ያወቁት በተሰበሰቡት ነው። እኔም ሕሙማኑ አንድ ቦታ ተሰብስበው ሳይ፣ የሰበሰባቸው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። የኛን ግን እንደ ሰማዩ በግምት አልተውነውም። ትናንት ከዚርዎ ውሃ ቀድቼ ለምርመራ ልኬ ነበር። ዛሬ ጧት መልሱ መጣ። አለበት።»

«ይህን ያህል ሰው ለምን ወደ እኔ ይመጣል? ዶንኪው እያለ?»

«ስለሚጣፍጥ ነዋ፣ አባባ። የወይራው ሽታ ነው የሚስባቸው። አገር አገር ይሸትታቸዋል።»

ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ ተደፉ። ከቀዮቹ ነጥቦች አንዷን በጣታቸው ነኩ። ከግራሩ ጎን ካለው ዳስ ላይ ያለችውን።

«ይህች ማን ናት?»

ትሁት እኔን አየችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? መሬት መሬት አየሁ።

«እንግዳው የሚባለው ልጅ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከቋራ የመጣው።»

«እንግዳው!» አሉ። «ቅዳሜ ሲያስመልሰው ከራስጌው ነበርሁ። ‹ጠማኝ› ሲለኝ በዚህ እጄ ሦስት ጣሳ አጠጣሁት። ሦስተኛውን ሲጠጣ መረቀኝ! ‹ነፍስዎን ይማረው› አለኝ።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ታዲያ እኔ ገደልሁት?»

እኔ ብሆን «አይዞዎ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብዬ በውሸት አጽናናቸው ነበር። ደካማ ሰው ነኝ። ትሁት ግን ጭቃው ላይ ተንበረከከችና እጃቸውን ያዘች።

«የገደለው በሽታው ነው፤ እርስዎ አያውቁም ነበር። ከአሁን ጀምሮ ግን ያውቃሉ።»

ያን ጊዜ የሠራተኞቹ ድምፅ ከሰሊጡ ማዶ ተሰማ። ዜማ እያወጡ ወደ ግራሩ ይመጣሉ። አያ ስንሻው ተነሡ። የመጀመሪያውን ዚር በሁለት እጃቸው ገፉት። የእማማ አምሳለን ዚር ነው! ውሃው ግልብጥ ብሎ በጭቃው ላይ ሄደ። ሁለተኛውን ትሁት፣ ሦስተኛውን እኔ ገለበጥን። አራተኛው ሲደፋ ሠራተኞቹ ደርሰው በድንጋጤ ቆመው ያዩናል።

«ምን ጉድ ነው? አያ ስንሻው፣ አበዱ እንዴ?»

ሽማግሌው ቆባቸውን ከመሬት አንሥተው ፊታቸውን ወደ ሰዎቹ አዞሩ። ትሁት ልታስረዳ አፏን ስትከፍት በእጃቸው ከለከሏት።

«ልጆቼ፣ እኔ ልናገር። ይህ ውሃ በሽታ አለበት። ያሳመማችሁ የእኔ ውሃ ነው። እንግዳውን የገደለው እሱ ነው፤ ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው። እግራችሁ ላይ እወድቃለሁ።»

  ከሠራተኞቹ መካከል ማሬ፣ የእንግዳው ታናሽ ወንድም፣ ገጀራውን በእጁ እንደያዘ ወደ ፊት መጣ። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ሽማግሌው ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«አያ ስንሻው» አለ ማሬ፤ «ይህን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ ዛሬ እዚህ ሁለት ሬሳ ይወድቅ ነበር፤ የእርስዎና የእኔ። ራስዎ ነገሩኝ።» ገጀራውን መሬት ላይ ጣለው። ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ትሁትን ጠየቃት። «ዶንኪው በየት በኩል ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ፤ የዚህ ታሪክ ፍሬ እሱ ነውና። አያ ስንሻውና ማሬ በየጧቱ ከዶንኪው ውሃ በካሮ፣ በአህያ በሚጎተተው ጋሪ፣ ያመጣሉ። ውሃውን የሚያኖሩት ክዳኑ በሚጠብቅ፣ ከሥሩ ቧንቧ ባለው በርሜል ነው፤ ማንም እጁን አይነክርበትም። ትሁት የሰጠቻቸውን የውሃ ማከሚያ በልኩ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለማንም አይቀዱም። እኔ እንኳ አንድ ቀን ሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ጣሳ ብዘረጋ «አምስት ይቀረዋል፣ ኡስታዝ» ብለው መለሱኝ። ማከሚያ ያጣ ደግሞ አፍልቶ ያቀዘቅዛል። ሠራተኞቹ ከሐፊሩ በታች፣ ከውሃው ርቀው ጉድጓድ ቆፍረው መጸዳጃ ሠርተዋል፤ ከዚያ ሲወጡ በሳሙና ይታጠባሉ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ሲገኝ ከንጹሕ ውሃ፣ ከጨውና ከስኳር በልኩ የተበጠበጠውን እያጠጡ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወስዱታል። ሳምንት ሲሞላ አዲስ ነጥብ ሁለት ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ትሁት እርሳሷን ይዛ መጥታ የምትጽፈው አጥታ ተመለሰች። ሰሊጡም በጊዜው ታርሞ አለቀ፤ በሽተኛ አያርምምና።

እኔም ተምሬያለሁ። ዛሬ በመጠለያው ለሚማሩት ልጆች ስለ ጋላክሲ ስነግር፣ በትልቁ መስፈሪያ እኩል መሆኑን ብቻ አስጽፌ አልሄድም። ዘለላውንም ባዶውንም አሳያቸዋለሁ። የተሰበሰበ ነገር ባያችሁ ቁጥር ምን ሰበሰበው ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ በሰፈራችሁ በሽታ ሲገባ «ከላይ የመጣ ነው» ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ማን ታመመ፣ የት፣ ምን ጠጣ ብላችሁ ጻፉ። የሚያስደነግጥ መልስ ቢመጣም፣ መልሱ በራሳችሁ ደጅ ቢገኝም፣ አትሸሹት።

አያ ስንሻው አሁንም ግራሩ ሥር ተቀምጠው ውሃ ያጠጣሉ። ነገር ግን አዲስ ሰው ሲመጣ ጣሳውን ቶሎ አይሰጡም። አጠገባቸው ያስቀምጡታል፤ እንግዳው የሚባል የቋራ ልጅ በእጃቸው ሦስት ጣሳ ጠጥቶ፣ መርቋቸው እንደሞተ ይነግሩታል። የመጣው ሰው መጀመሪያ ይህን ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ይጠጣል።